የአባትሽን ወታደሮች እንዳታጥቢያቸው

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽውን አሁን ከስራ ስገባ ነው ያየሁት። «አባታችን ካረፉ በኋላ ሳጥናቸው ውስጥ የድሮ አሻንጉሊት ወታደሮችና የተበታተነ የቆርቆሮ ግንብ አገኘን፣ ድሮ አብረዋቸው ይሰሩ የነበሩ ፈረንጅ አስተማሪ የሰጧቸው ነው፣ አንድ ሰው አጥባችሁ ቀለም ቀብታችሁ ሽጡት አለን፣ ምን ይሻላል?» ነው ያልሽው። መጀመሪያ ነፍስ ይማርልን። ቀጥሎ ግን ማርያምን እንዳታጥቢያቸው፣ ቀለምም እንዳታስነኪያቸው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ ይሄን ነገር መሰብሰብ ከጀመርኩ 14 አመት ሆነኝ። አጀማመሬ ከቆራሌው ነው፣ አንድ ቅዳሜ ሰፈራችን የሚዞረው ልጅ ማዳበሪያውን ሲያራግፍ ከተሰበረ ድስትና ከአሮጌ ባትሪ መሃል አንድ ፈረሰኛ ወደቀ። ጣቴን የሚያክል፣ የፈረሱ አንድ እግር የተጣመመ፣ የሰውየው ቀይ ኮት ቀለሙ ተልጦ ብብቱ ስር ብቻ የቀረ። ገልብጬ ሳየው የፈረሱ ሆድ ላይ ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጾበታል፣ ብሪቴን ይላል። በኪሎ ተመዝኖ ሊቀልጥ ነበር እኮ! ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ አለ፣ የተጣመመውን እግር እንኳን አላቃናሁትም፣ ያረጀ እርሳስ (የሚጻፍበት ሳይሆን ብረቱ) ስታቃኚው ቀጭ ብሎ ነው የሚሰበረው።

አሁን ወደ አንቺ ሳጥን ልምጣ፣ ከምንም በፊት እያንዳንዱ ከምን እንደተሰራ ለይ። የእርሳሱ ሲያዩት ከባድ ይመስላል እንጂ ስታነሺው ቀለል ይላል፣ ምክንያቱም ብሪቴንስ የሚባለው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1893 ባመጣው አሰራር የቀለጠውን እርሳስ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱና ዳር ዳሩ እንደረጋ መሃሉን መልሰው ይደፉታል፣ ውስጡ ባዶ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1966 ድረስ እንዲህ ሲሰሩ ኖረው ነው የተውት። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ 54 ሚሊ ነው፣ ለኪው። ይሄኛውን ህጻን አፉ ውስጥ እንዳይከት ተጠንቀቂ፣ ነክተሽም እጅሽን ታጠቢ፣ እርሳስ መርዝ ነው።

ሌላው ደግሞ የጀርመኖቹ አለ፣ ኤላስቶሊን የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከእርሳሱ በቁመት ይበልጣል። እሱ ብረት አይደለም፣ ሰጋቱራና ኮላ ተቦክቶ በሽቦ ላይ የተሰራ ነው። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው፣ አንድ ዘመዴ ከውጭ ያመጣልኝን ከበሮ መቺ ቆሽሿል ብዬ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጠብኩት። ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ስነሳ ሆዱ እንደ ሊጥ ተነፍቷል፣ በሳምንቱ ውስጡ ያለው ሽቦ ዝጎ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ለዛ ነው እንዳታጥቢ ብዬ የምጮኸው፣ አንቺ ገና የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ለጊዜው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራግፊ፣ በቃ።

ፕላስቲኮቹ ብዙም አያስቸግሩም፣ ከፀሐይ አርቂያቸው፣ ስለሚደርቁ ጠመንጃቸውንና እጃቸውን አታጣሚ።

ግንቡ የአሜሪካኑ ማርክስ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፣ ክብ ውስጥ ማርክስ የሚል ምልክት ፈልጊበት። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሰረተ ድርጅት ነው፣ ግንቡን፣ ወታደሩን፣ ፈረሱን፣ አጥሩን ሁሉ በአንድ ካርቶን ነበር የሚሸጠው። የቆርቆሮው ግድግዳ ስዕሉ የታተመበት ስለሆነ ውሃ ከገባው ከጠርዙ ይዝጋል። ደግሞ ግድግዳዎቹን የሚያያይዙት ትንንሽ የቆርቆሮ ምላሶች አሉ፣ በተጣጠፉና በተቃኑ ቁጥር ይደክሙና ይቆረጣሉ፣ ስለዚህ ልጆቹን ለማስደሰት ብለሽ አሁን እንዳትገጣጥሚው። የኔ ልጆች የኛን ግንብ ፋሲል ነው የሚሉት፣ አንዴ ገጠምነው፣ ከዛ በኋላ አልነካነውም። ካርቶኑ ቢቀደድም እንዳትጥዪው፣ ከተጣለ የጠቅላላው ዋጋ ግማሹ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ሳጥኑ ስር የቀረ አጥር፣ መሰላል፣ ሰይፍ ካለ በወንፊትም ቢሆን ልቀሚ፣ የማርክስ ነገር ቁራጭ ከጎደለው ዋጋው ይወርዳል።

አቀማመጥ ላይ ደግሞ ይሄን ስሚኝ። እኔ ሰፈር ያለ አናጺ ጋ ቆንጆ የእንጨት ሳጥን አሰርቼ፣ ቫርኒሽ አስቀብቼ፣ የእርሳስ ወታደሮቼን ከትቼ ክረምቱን ዘጋሁባቸው። መስከረም ላይ ስከፍት ሶስቱ እግራቸው ስር ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አውጥተዋል፣ አንዱን በጣቴ ስነካው ጫማው ፈረሰ። ኋላ ሳጣራ ከእንጨት፣ ከቫርኒሽና ከተራ ካርቶን የሚወጣ የኮምጣጤ ጠረን ያለው ትነት ነው እርሳስን የሚበላው፣ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፣ የጎጃምን ክረምት ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የእርሳሶቹን ዛሬውኑ ከአባትሽ የእንጨት ሳጥን አውጪ፣ አንድ በአንድ በነጭ ሶፍት ጠቅልለሽ ደረቅ የፕላስቲክ እቃ ውስጥ አድርጊ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት ጨምሪበት፣ አልፎ አልፎም ክፈቺው አየር ያግኝ። ነጩ ዱቄት ያለበት ካለ ለብቻው አስቀምጪ፣ በአፍሽ እፍ እንዳትይው። የማርክሱ ካርቶን ከግንቡና ከፕላስቲኮቹ ጋር ይሁን።

ቀለም መቀባት ያማረው ሰው ቤት ውስጥ ካለ አዲስ ያልተቀባ ፕላስቲክ ይግዛና ይቀባ፣ እኔም እንደዛ ነው የማደርገው። አሁን ጃንሆይ ጥር 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ባለችው ኡመድላ ገብተው በጎጃም በግመል ያለፉበትን ጉዞ እየሰራሁ ነው፣ ግመሎቹን ብቻ ለመቀባት ሁለት ወር ፈጀብኝ። የድሮው ላይ ግን ያረጀው ቀለም ራሱ ነው የሚፈለገው፣ ሰብሳቢ አዲስ ቀለም ካየ ይተወዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብሪቴንስ በጣልያን ወረራ ሰሞን የኛንም ሰው ሰርቷል፣ በካታሎጉ ቁጥር 1424 የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ነው፣ 1425 ደግሞ ያገሬው ተዋጊ። ባዶ እግራቸውን ነው የሚሄዱት። 14 አመት ፈልጌ አንዱም እጄ አልገባም። እንግዲህ ሳጥንሽ ውስጥ ጫማ የሌለው ወታደር ካለ ለማንም ሳትሸጪ መጀመሪያ ለኔ አሳዪኝ፣ ዋጋውን አላሳንስብሽም፣ ወይም አትሽጪው፣ ለልጆችሽ ይቅር። የሁሉንም መቆሚያ ገልብጠሽ ፎቶ አንሺልኝ፣ ብርሃኑ ከጎን ይሁን፣ ያኔ ነው ጽሑፉ የሚነበበው።