የዋልታ በረዶ ቢቀልጥ ሐዋሳን ምን ይነካታል?

ባሕር ስለሌለን የዋልታ በረዶ መቅለጥ እኛን ሐዋሳዎችን እንዴት ሊነካን እንደሚችል ጠይቀሃል ወንድሜ። በጣም ይነካናል!

ቀትር ላይ በሐይቁ ዳር ስታልፍ ጥቁሩን አስፋልትና ነጭ የተቀባውን የመንገድ ጠርዝ በመዳፍህ ንካቸው። ጥቁሩ ያቃጥላል፣ ነጩ ቀዝቀዝ ይላል፤ በበረዶና በውሃ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። በላዩ አዲስ የበረዶ ብናኝ የጣለበት የአርክቲክ (የሰሜን ዋልታ) የባሕር በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ በረዶው ሲሄድ የሚገለጠው ጥቁር ውሃ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይውጠዋል። ያ ሙቀት ደግሞ ሌላ በረዶ ያቀልጣል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ዝናቡ ነው። ከግሪንላንድ የሚወርደው ጨው አልባ ውሃ ሙቀትን ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘውን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዝውውር ያዳክማል። ዝውውሩ በጣም ሲዳከም የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ ክረምታችን የተንጠለጠለው ደግሞ በዚያ መቀነት ላይ ነው። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የበረዶ ግግር ወደ ሰሜን አትላንቲክ በጎረፈበት ዘመን፣ ጣና ሐይቅ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ ተቆፍሮ የወጣው ደለል ይመሰክራል። ጣና!

የቀን ርዝመትም ይለወጣል፤ ውሃው ከዋልታ ወደ ምድር ወገብ ሲሰራጭ ምድር እጇን ዘርግታ እንደምትሽከረከር ልጅ ፍጥነቷ ይቀንሳል። ልዩነቱ ግን በሺህኛ ሰከንድ የሚቆጠር ስለሆነ ገበሬያችን አይሰማውም።