በግ እርባታ ለምትጀምሩ ልጆቼ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት በበግ እርባታ ነው። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ልጆች በአውስትራሊያ የሱፍ በግ እርባታን ከጀመሩት አንዱ ስለሆነው ስለ ጆን ማካርተር ልጻፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የአውስትራሊያ ባለ 2 ዶላር ኖት ላይ የሰውየው ፊት ሜሪኖ ከሚባለው የሱፍ በግ ዝርያ ከአንድ አውራ በግ ጋር ታትሟል። የሜሪኖን ፀጉር በሁለት እጃችሁ ፈልቀቅ ብታደርጉት ላዩ አቧራ የጠጣ፣ ውስጡ ግን ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወዙ ጣት ላይ ይቀራል። አገር ያበለፀገው ይህ ፀጉር ነው።

ማካርተር በ1790 በመኮንንነት አውስትራሊያ ውስጥ ወዳለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ደረሰ። በ1797 ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ ከመጡት የስፔን ዝርያ በጎች ወስዶ ማርባት ጀመረ። አርቆ አሳቢ ነበር፤ ጠበኛም ነበር። በ1801 አዛዡን በሽጉጥ ግጥሚያ አቁስሎ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ እዚያ የሱፍ ናሙናውን አሳይቶ የ5,000 ኤከር መሬት ተስፋ ይዞ በ1805 ተመለሰ። በ1808 ደግሞ አገረ ገዢውን ብላይን ካወረደው አመፅ ጀርባ ስለነበረ፣ ከ1809 እስከ 1817 ከቅኝ ግዛቱ ርቆ ኖረ።

በእነዚያ ዓመታት መንጋውን ማን ያዘው? ሚስቱ ኤልዛቤት። ልጆች እያሳደገች ሠራተኛውንም፣ ሂሳቡንም፣ ወደ እንግሊዝ የሚላከውንም ሱፍ የመራችው እሷ ናት። በ1822 ለሱፉ ከለንደን የመጣው ሜዳሊያ ግን የእሱ ነው፤ በ1825 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የገባውም እሱ ነው። ኖቱ ላይ እሷ የለችም።

መሬቱም ባለቤት ነበረው፤ የዳራዋል ሕዝብ። በ1816፣ ከማካርተሮች ይዞታ ብዙም በማይርቀው አፒን፣ የአገረ ገዢው ወታደሮች ቢያንስ 14 ሰዎች ፈጅተዋል። ይህን ዘልሎ ስለ ሱፉ ብቻ ማውራት ነውር ነው።

ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር የራሴ ጥፋት ትዝ ይለኛል። ወጣት ሳለሁ፣ በጎቹ በሚወልዱበት ሰሞን ስብሰባ ብዬ ከተማ ከረምኩ። ስመለስ የትኛው ግልገል የየትኛዋ እናት እንደሆነ የሚያውቁት አንድ አዛውንት እረኛ ብቻ ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጉረኖ ውስጥ፣ እሳቸው በዱላቸው እየጠቆሙ እኔ እየጻፍኩ ዋልን። ሪፖርቱ በእኔ ስም ወጣ። የእሳቸውን አልጨመርኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ መዝገቡን ስትከፍቱ፣ የመጀመሪያውን ግልገል ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት የእረኛውን ስም ከነአባቱ ጻፉ።