ደቻቱ ዳር ለምትሠሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ዕቃ ያነጥፍበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ጎርፉ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ፤ ብዙዎቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ውሃው የሚወርደው ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ስለሆነ ከተማው ሳይዘንብበትም ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

የጎርፍ ስጋት ካርታ ስታዘጋጁ መጀመሪያ ማን እንዳልተጠራ ጠይቁ። ቀበሌ ሲጠራ የሚመጡት የእድር ዳኛ፣ የአፎሻ (እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌና የቤት ባለቤት ናቸው። ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረውና መታወቂያ የሌለው የቀን ሠራተኛ አይጠሩም። ተከራይ ቢመጣም በአከራዩ ፊት «ግድግዳው ተሰንጥቋል» አይልም፤ ነገ ቤቱን ልቀቅ ይባላላ። ስለዚህ ተከራዮችን ለብቻ አነጋግሩ፤ ሴቶችንም ወንዶቹ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ሳሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ዳርቻውን በእግራችሁ ሂዱ፤ ማን የት እንደሚያድር በቀን አይታይም።

የነዋሪውን መዝገብ በቤት ቁጥር አትሥሩ። በአንድ ቁጥር ግቢ ውስጥ አራት አምስት የኪራይ ክፍል ይኖራል፤ የሚጻፈው ግን አከራዩ ብቻ ነው። በየክፍሉ ስንት ሰው ያድራል? ተሸክመው የሚያወጡት ማንን ነው? ማንስ ያወጣዋል? ይህ ሁሉ በስም ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያው ላይ ረጋ በሉ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ደጋው ላይ ሁለት ደዋይ፣ ከተማው ውስጥ ሁለት ተቀባይ ይኑር፤ የአንዱ ባትሪ ቢያልቅ ሌላው አለ። ሰንሰለቱ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ግን በስልክ አይደለም። ተቀባዩ «የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳላስፈቅድ?» ብሎ ይቆማል፤ ሊቀመንበሩ ተኝቷል። ጎርፍ ደግሞ ፈቃድ አይጠብቅም። እንግዲህ አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ አስጽፉ፦ ጥሪው የደረሰው ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ሕዝቡን ያስነሳል፤ ውሃው ሳይመጣ ቢቀርም አይጠየቅበትም። ሊቀመንበሩም ይፈርምበት። ይህን አንቀጽ የሚቃወም ሹም አይጠፋም፤ ሥልጣኑ የተነካ ይመስለዋል። እናንተ ግን አትልቀቁ። ሜጋፎኑ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ አይደር፣ ወንዙ አጠገብ ባለ ቤት ይቀመጥ። ጥሪው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሁን። የመጠለያው ትምህርት ቤት ቁልፍ ከጥበቃው ሌላ ሁለት ሰው ጋ ይኑር።

ድጋፍ ግንብ ሲታቀድ ከማዶ ያለውንም ሰፈር ጠይቁ፤ በአንድ ወገን የታጠረ ውሃ ወደ ሌላው ይገፋል፣ ግንቡ ደግሞ ድምፁ ወደሚሰማው ይሄዳል።

የእርዳታ ስም ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት ሦስት ቀን በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉም በእድር ስብሰባ ይነበብ። ቅሬታ የሚሰማው ሰው ዝርዝሩን ካወጣው ኮሚቴ ውጭ ይሁን።