የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞባይል ስልክ እያለ የባሕር ሬዲዮ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በትንሽ የሞተር ጀልባ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ሳንርቅ፣ መጓዝ ጀምረናል። ጀልባዋን የሸጠልን ሰው በእጅ የሚያዝ የባሕር ቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ጨምሮ ሰጥቶናል፤ ነገር ግን ሁላችንም ስልክ ስለምንይዝ ሬዲዮው እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። በእርግጥ ከስልክ የሚበልጥበት ነገር አለ? አደጋ ቢደርስብንስ ምን ብዬ ነው የምጣራው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው ሬዲዮውን ዛሬውኑ ከካርቶኑ አውጥተው ባትሪውን እንዲሞሉት እንለምንዎታለን። ስልክ አንድን ሰው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ያገናኛል፤ የደወሉለት ሰው ካላነሳ ወይም ኔትወርክ ከሌለ ጥሪው እዚያው ይቀራል። በሬዲዮ ቻናል 16 የሚናገሩትን ግን በአካባቢው ያንን ቻናል ከፍቶ የሚያዳምጥ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማዋል፤ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ጣቢያውም፣ በሩቁ የሚያልፈው የጭነት መርከብም፣ ከእርስዎ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ መረቡን የሚስብ ዓሣ አጥማጅም። ፈጥኖ ሊደርስልዎ የሚችለው ምናልባት ይህ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የእሱን ስልክ ቁጥር ደግሞ እርስዎ አያውቁትም። ቻናል 16፣ ማለትም 156.8 ሜጋኸርዝ፣ በመላው ዓለም ለአደጋ ጥሪ፣ ለደኅንነት መልእክትና ለመጠራሪያ የተመደበ ስለሆነ፣ ተራ ጨዋታ አይካሄድበትም፤ የጠሩት ሰው ሲመልስልዎ ተስማምታችሁ ወደ ሌላ ቻናል ትዛወራላችሁ።

የሬዲዮው ሞገድ የሚጓዘው በቀጥታ መስመር ስለሆነ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚሰሙ የሚወስነው ከሬዲዮው ጉልበት ይልቅ የአንቴናው ከፍታ ነው። ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ከውሃው 1 ሜትር ከፍ አድርገው የያዙት ሬዲዮ የሚደርሰው ወደ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ9 ሜትር ምሰሶ ላይ የተተከለ አንቴና ግን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። የሁለቱ ተነጋጋሪዎች ርቀት የሚደመር በመሆኑ፣ ከሌላ ትንሽ ጀልባ ጋር ለመነጋገር ቢቸገሩ እንኳ ኮረብታ ላይ የቆመ የጠረፍ ጣቢያ ሊሰማዎ ይችላል። ስለዚህ በችግር ጊዜ ቆመው፣ አንቴናውን ቀጥ አድርገው፣ ኃይሉን ከ1 ዋት ወደ ከፍተኛው ለውጠው ይጥሩ።

ወደ ጥሪው ስንመጣ፣ «ሜይዴይ» የሚለው ቃል የሚነገረው የሰው ሕይወት ወይም ጀልባው ከባድና ቅርብ አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። ሞተርዎ ጠፍቶ ባሕሩ ግን ጸጥ ያለ ከሆነ፣ ወደ አለት የሚገፋዎም ነገር ከሌለ፣ አስቸኳይ ሆኖ ለሕይወት ገና የማያሰጋ ችግር የሚገለጽበትን «ፓን ፓን» የሚለውን ጥሪ ሦስት ጊዜ ብለው ይጀምራሉ። የጀልባዎ ስም «ንጋት» ቢሆን፣ የሜይዴይ ጥሪ እንዲህ ነው፦

«ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ይህ ንጋት፣ ንጋት፣ ንጋት ነው። ሜይዴይ፣ ንጋት። ያለነው ከመብራት ማማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጀልባችን ውሃ እያስገባች ነው። አስቸኳይ እርዳታ እንፈልጋለን። 4 ሰዎች ነን፤ ሁላችንም ላይፍ ጃኬት ለብሰናል። ኦቨር።»

«ኦቨር» ማለት «ጨርሻለሁ፣ መልስ እጠብቃለሁ» ማለት ነው። ያሉበት ቦታ ከችግሩ ዓይነት በፊት መነገሩን ልብ ይበሉ። ባትሪው መሐል ላይ ቢያልቅ ወይም ሬዲዮው ከእጅዎ ቢወድቅ፣ ቦታውን የሰማ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅም ሊመጣ ይችላል፤ «እየሰጠምን ነው» የሚለውን ብቻ የሰማ ግን ወዴት ይሂድ? ጂ.ፒ.ኤስ. ካለዎት የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር አንድ በአንድ ያንብቡ። ከዚያም ሲናገሩ ተጭነው የያዙትን የመናገሪያ ቁልፍ ይልቀቁት። ይህን አጥብቀን የምንናገረው የተደናገጠ ሰው ጣቱን ከቁልፉ ላይ ማንሳት ስለሚረሳ ነው፤ ቁልፉ እንደተጫነ ሬዲዮው ምንም አይቀበልም፣ «ሰምተናል፣ እየመጣን ነው» ቢባሉም አይሰሙትም። ከዚህም በላይ በአካባቢው ያሉትን ሁሉ ቻናሉን ይዘጉባቸዋል። ከዕቃ ሥር ተወትፎ ቁልፉ የተጫነ ማይክም ማንም ሳያውቅ ይህንኑ ጥፋት ያደርሳል።

አንዳንዶቹ ሬዲዮዎች በክዳን የተሸፈነ ቀይ ቁልፍ አላቸው። ክዳኑን ገልጠው ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ሲይዙት፣ በቻናል 70 የጀልባውን ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥርና፣ ከጂ.ፒ.ኤስ. ጋር ከተገናኘ፣ ያለበትን ቦታ በራሱ ይልካል። ቁጥሩ ግን አስቀድሞ ተመዝግቦ ሬዲዮው ውስጥ መግባት አለበት፤ ከቀይ ቁልፉም በኋላ የድምፁን ጥሪ በቻናል 16 ማሰማት አይቀርም።

በጣም የሚያሳስበን ነገር ግን ሌላ ነው። ውሃ ውስጥ የሚወድቁት እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ ማን ይጣራል? ከላይ ያለውን ጥሪ የጀልባዎን ስም አስገብተው በትልልቅ ፊደል ይጻፉትና ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ሸፍነው መሪው አጠገብ ይለጥፉት። ባለቤትዎና ለማንበብ የደረሰ ልጅዎ ሬዲዮውን አጥፍተው፣ ጮክ ብለው፣ ሳይጣደፉ ደጋግመው ያንብቡት። ሬዲዮው ራሱ ደግሞ ከሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከላይፍ ጃኬትዎ ጋር በገመድ ታስሮ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሬዲዮዬ መሥራቱን ለማረጋገጥ በቻናል 16 የሙከራ ሜይዴይ ማሰማት እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም አይችሉም። የሐሰት የአደጋ ጥሪ ሕግ መጣስ ከመሆኑም ሌላ፣ አዳኞችን በእውነት ከሚሰጥም ሰው ላይ ያርቃል። ከወደብ ከመውጣትዎ በፊት ከሌላ ጀልባ ጋር ተስማምተው በተፈቀደ ሌላ ቻናል ይሞክሩት። የሌላ ሰው ሜይዴይ ከሰሙ ደግሞ ዝም ብለው ያዳምጡ፣ ቦታውን ይጻፉ፤ ማንም ካልመለሰለት «ሜይዴይ ሪሌይ» ብለው የሰሙትን እርስዎ ያስተላልፉለት።