ፉል ፍሬም ወይስ ሱፐርዙም?

ወፍና ጨረቃ ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ ልጆቼን፣ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ሴንሰሩ ትልቅ፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ልግዛ ወይስ ሱፐርዙም ብሪጅ ካሜራ (ሌንሱ የማይነቀል፣ ሩቁን በጣም የሚያቀርብ) ብለሃል። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የሩቁንም የቤቱንም እኩል አሳምሮ የሚሠራልህ ካሜራ የለም።

ነገሩ ያለው ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል ላይ ነው። የፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የብዙዎቹ ሱፐርዙም ግን ከትንሽ ጣት ጥፍር ያንሳል። ስለዚህ መብራቱ ደብዘዝ ሲል አይኤስኦውን (ፎቶውን ለማድመቅ የሚስተካከለውን ቁጥር) ከፍ ታደርጋለህ፣ ያኔ የልጅህን ፊት ነጠብጣብ ይሞላዋል፣ ካሜራው ደግሞ እሱን አጸዳለሁ ብሎ ፀጉሩን ድፍን አድርጎ ያወጣልሃል።

ዙሙን ግን እንዳትንቀው! ሚሊ ሜትሩ በበዛ ቁጥር ሌንሱ ይበልጥ ያቀርባል፤ ሱፐርዙሙ ኒኮን ፒ1000 በፉል ፍሬም ላይ ካለ የ3000 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር እኩል ያቀርባል፤ ጨረቃዋ ፍሬሙ ውስጥ ሙሉ አትገባም እኮ። በፉል ፍሬም 600 ሚሊ ሜትር ለመድረስ እንኳ ወደ 2 ኪሎ የሚመዝን ሌንስ ትሸከማለህ፣ ዋጋውም ከካሜራው ሊበልጥ ይችላል።

እኔ ብሆን ለልጆቹ አደላለሁ። ያገለገለ ፉል ፍሬም ከ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ (ብዙ ብርሃን ከሚያስገባ) ጋር ይበቃሃል። ወፉን አልተውም ካልክ ደግሞ ሴንሰሩ ከብዙዎቹ ሱፐርዙሞች የሚተልቀውን፣ ባለ 1 ኢንች የሚባለውን ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 እየው፣ እስከ 600 ይሄዳል። ያገለገለ ስትገዛ ብቻ ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ሳታይ ብር እንዳትከፍል።