ሞተሯ የተቀየረ ቪትዝ እንግዛ ወይስ እንተው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ አምስት ዓመት ቆጥበን አሁን መኪና ለመግዛት ደርሰናል። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አግኝተናል። ቦዲዋ ንጹህ ነው፣ ውስጧም አልተጎዳም። ዋጋዋ ካየናቸው መሰሎቿ 200 ሺህ ብር ያህል ዝቅ ይላል። ለምን ብለን ስንጠይቅ ሞተሯ ከስምንት ወር በፊት መቀየሩን ነገሩን። ደላላው «እንዲያውም አዲስ ሞተር ነው፣ ከዱባይ የመጣ» ይላል። የባለቤቴ አባት ግን «ሞተሩ የተነካ መኪና አይገዛም» ብለው ቁርጥ አድርገዋል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ገና የድሮው ነው። ሻጩ «ለቦሎ ስትሄዱ ማንም አያየውም» አለን። ምን ይሻለናል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ፣ የአማትሽን ጥንቃቄ አከብራለሁ። በዚህ ግን አልስማማም። ሞተሩ የተቀየረ መኪና ይገዛል። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ሞተራቸው በደንብ ተቀይሮ፣ ወረቀታቸው ተስተካክሎ፣ ዓመታት ያለ ችግር የሄዱ መኪኖች አይቻለሁ። የማይገዛው ሞተሩና ሊብሬው የማይተዋወቁ መኪና ነው። የእናንተዋ ቪትዝ አሁን እንደዚያ ናት። ስለዚህ እንዳለች አትግዟት።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኮሮላ መረጥኩለት። ሞተሩን አስነስቼ አዳመጥኩት፣ ጥሩ ነበር። ቁጥሩን ግን ከሊብሬው ጋር አላመሳከርኩም። የዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ሲደርስ መርማሪው በባትሪ አብርቶ ቁጥሩን አነበበ። ከዚያ ሊብሬውን አየ። «ይህ ሞተር ከየት መጣ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ሻጩ ጋ ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሞተሩ የተገዛበት ደረሰኝ የለ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የለ። መኪናዋ ሰባት ወር ግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሲሰለፍ አየው ነበር። በመጨረሻ ወረቀት ያለው ሌላ ሞተር ገዝተን አስገባንላት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ስትፈራረሙ ውሉ ላይ የሚሰፍረው የሊብሬው ቁጥር ነው። እጃችሁ የሚገባው ሞተር ግን ሌላ ነው። ያ ሞተር ነገ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። «ማንም አያየውም» ያለሽን ሰውዬ «እንግዲያው ቀላል ከሆነ አንተው አስተካክለውና እንግዛህ» በይው። የሞተሩ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ካለው ያስተካክለዋል። ከሌለው ለምን እንደረከሰ ያኔ ይገባችኋል። የ200 ሺህ ብር ቅናሽ ለዚህ ጣጣ አይበቃም።

በዚያው ሲሲውንም (የሞተሩን መጠን) እዩ። የዚያ ዘመን ቪትዝ 1.0 ሊትሩ ዋን ኤስዜድ ወይም 1.3 ሊትሩ ቱ ኤንዜድ ሞተር ሊኖራት ይችላል። ትንሹ ወጥቶ ትልቁ ገብቶ ከሆነ ከቁጥሩ በተጨማሪ ሲሲውም መታረም አለበት።

«አዲስ ሞተር» የሚለውን ነገር እርሺው። ከዱባይ የሚመጣው ሞተር በአብዛኛው ከሌላ መኪና ላይ የወረደ፣ ያገለገለ ሞተር ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ማንም አይነግርሽም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥርም የመኪናዋ ነው፤ ስለገባው ሞተር የሚነግርሽ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። የድሮው ሞተር ምን ሆኖ ወጣ? ይህን ደላላውን ሳይሆን ባለቤቱን ጠይቂው። ዘይት አልቆበት ከሆነ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ ወጥቷል። «ሞቆ ነው» ካለ ግን ችግሩ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ ሲሠራ ሙቀቱ 90 አካባቢ ነው። ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነው። ያንን የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውሃውን አምቆ ስለሚይዘው ቶሎ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ከተደፈነ ሞተሩ ይግላል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ከዚያ ባለቤቱ ሞተር ይቀይራል፤ ራዲያተሩን ግን አይነካውም። አዲስ የገባው ሞተርም ከዚያው ከተደፈነ ራዲያተር ጋር ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ዓይቻለሁ፣ ሁለተኛውም ሞተር በዓመቱ ይበላሻል። አንዳንዱ መካኒክ ደግሞ «እንዳይሞቅ» ብሎ ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) አውልቆ ይጥላል። ስለዚህ ሞተሩ ሲቀየር ራዲያተሩ ታጥቦ ወይም ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱትና ወደ ውስጥ እዩ። ውሃው ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ወጪ ይጠብቃችኋል።

ለማየት የምትሄዱት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል፤ የቀዘቀዘ ሞተር የሚያሰማውን ድምፅ ደብቋችኋል ማለት ነው። በሌላ ቀን ተመለሱ።

ከቀዘቀዘ የዘይት መሙያውን ክዳን አዙራችሁ ክፈቱና ሥሩን እዩ። ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለው ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ላይ ስስ አረፋ ሊኖር ይችላል። ወፍራም ከሆነና የዘይት መለኪያውም ላይ ከታየ ግን ተዉት።

ከዚያ ቁልፉን አዙሩና ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። «ቼክ» የሚለው የሞተር መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ከመጀመሪያውም ካልበራ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ሞተር ሲቀየር ገመድና ሴንሰር ሳይገጥም ሲቀር እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ሲነሳ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ቁሙ። ነጭ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ቢኖር የጠዋት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ውሃ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ወይም የቫልቮላው ጎማ ደርቋል።

የሞተር ቁጥሩን ብሎኩ ላይ አስጠርጋችሁ በጥፍራችሁ ዳብሱት። ዙሪያው በሞረድ የተፋቀ ከመሰላችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ውጡ።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) የእናንተው መካኒክ ይለካላችሁ። ሻጩ ያመጣው መካኒክ አይሁን። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ንባቡ ፋብሪካው ከጻፈው ዝቅ ይላል፤ በዚህ አትደንግጡ። እኔ የማየው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ከራቀ አልቀበለውም። ከዚያ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለውን ዳገት ውጡባት። ዳገቱን ስትጨርሱ ሞተሩ ከልክ በላይ ካልሞቀ ደስ ይበላችሁ።

ገበያው እንደሚያስቸኩል አውቃለሁ። የ2012 ዓ.ም. ኤክሳይስ ታክስ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞች እያረጁ ነው፣ ሞተር የሚቀየርላቸውም እየበዙ ይሄዳሉ። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ» ቢልሽም ሊብሬው ሳይስተካከል ቀብድ አትስጡ። ቀብድ ሰጥታችሁ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ገንዘቡ ይቀራል። የግድ ከሆነ «ሊብሬው ካልተስተካከለ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል በጽሑፍ ይኑር፣ ምስክርም ይፈርምበት።

ለባለቤቱ ዛሬውኑ ደውይለት። ወረቀቱን አስተካክሎ ከጠራችሁ አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ኮፈኑን መጀመሪያ እሳቸው ይንኩት።