ፒያኖዬ ሲቃኝ ተሰነጠቀ፤ ካሳ አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ የአባቴ ፒያኖ ከ20 ዓመት በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ። ልጄ ትምህርት ስለጀመረች ቃኚ ጠራሁ። እየቃኘ ክሮች ተበጠሱ፤ ውስጡ ያለው ትልቁ ብረትም ተሰነጠቀ። ሙሉ ዋጋውን ላስከፍለው? ሌላ ባለሙያ እንዲጠግነው ለቅዳሜ ቀጥሬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የቅዳሜውን ጥገና ይሰርዙ።

ሕጉ አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሥራ ይመለከታል። ቃኚው ካጠፋ ይጠየቃል። ካሳው ግን ፒያኖው የዚያን ቀን ያወጣ የነበረውን ዋጋ እንጂ የአዲስ ፒያኖ ዋጋ አይሆንም።

ያልጻፉልኝ ነገር አለ። ቃኚው ከመጀመሩ በፊት ምን አለዎት? ፒያኖ ወደ 230 ክሮች አሉት፤ አንድ ላይ ብረቱን ከ15 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይስቡታል። ሳይቃኝ የኖረ ፒያኖ ድምፁ ይወርዳል። የዛገ ክር በአንድ ቀን ወደ መደበኛው የድምፅ ከፍታ (440 ኸርዝ የሚባለው) ሲወጠር ሊበጠስ እንደሚችል ሥራውን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይናገራል። ቃኚው «ከዚያ ዝቅ አድርጌ ልቃኘው» ብሎ እርስዎ እምቢ ብለው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ለጠበቃዎ አይደብቁ፤ ችሎት ላይ እሱ ያወጣዋል። የተላላካችሁትን መልእክት አንዱንም አያጥፉ።

አሁን ወደ ቅዳሜ። ደንበኞቻችን ደጋግመው የሚጎዱት እዚህ ጋ ነው። ዕቃው ይበላሻል፣ ይናደዳሉ፣ ሌላ ሰው ጠርተው ያሠራሉ፣ ከዚያ ይከሳሉ። ሁለተኛው ባለሙያ የተበጠሰውን ክር ይጥላል፣ ክሩ የሚጠመጠምበትን ፒን ይነቅላል። ፍርድ ቤቱ «ባለሙያ ይመርምረው» ቢል የሚመረመር ነገር የለም። የመጀመሪያውም «ያበላሸው እሱ ነው» ይላል። ስንጥቁን ቀረብ ብለው ይዩት። የቆየ ስንጥቅ ውስጡ አቧራና ዝገት ይይዛል፤ የአዲሱ ጠርዝ ንጹሕ ነው። ክርክርዎን የሚወስነው ይህ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከተነካካ ግን አይመለስም። ስለዚህ ዛሬውኑ በደንብ ፎቶ ያንሱ። የተበጠሱትን ክሮች ፖስታ ውስጥ ያኑሩ። ባለሙያው ይምጣ፤ ግን አይቶ፣ ጽፎና ፈርሞ ብቻ ይሂድ። ብረቱ አሁንም ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሟልና ልጅዎን አያስጠጉ። ባለሙያው «ክሩ መላላት አለበት» ካለ፣ ፎቶ ተነሥቶ ምስክር ባለበት ይሁን።

ፒያኖው «የአባቴ» ነው ብለዋል። እህት ወንድም አለዎት? የወራሽነት ማስረጃዎን ያዘጋጁ።

ከክስ በፊት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ለቃኚው ማስጠንቀቂያ መስጠት ብዙውን ጊዜ ያስፈልጋል፤ በጽሑፍ ያድርጉት። ረቂቁን ግን ሳይልኩት ከነፎቶውና ከነመልእክቱ ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።